«በፈቃዱ አስረከበ» ያልኩት ቤት

ኅዳር 14 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ በስተግራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ኦቦ ቱሉ ገመቹ የተባሉ የወፍጮ ባለቤት የመኖሪያ ቤታቸውን ቁልፍ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ለአበዳሪው ባንክ ወኪል አስረከቡ። ፖሊስ አልነበረም። ግርግር አልነበረም።

ይህን ከማስታወሻ ደብተሬ ቃል በቃል ገለበጥኩት። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። እንዲያም ሆኖ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ከጻፍኩት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። የጡረታ ደብዳቤዬ በደረሰኝ ሰሞን ደብተሮቼን ከመሳቢያ አውጥቼ በተራ ሳነብ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስለዚያ ቀን ብዙ ነገር አውቃለሁ። የሆነው ነገር ግን ምን እንደነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ ብባል ዛሬም አልችልም።

ሥራ የጀመርኩት በስልክ መልእክት ተቀባይነት ነው። ዘጋቢዎች ከየአውራጃው ይደውላሉ፤ እኔ ጆሮዬ ላይ ስልክ፣ ጉልበቴ ላይ ወረቀት ይዤ እጽፋለሁ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ስም ሲነገረኝ ፊደል በፊደል ማስደገም፣ ቁጥር ሁለት ጊዜ ማስነገር የለመድኩት እዚያ ነው። ደመወዙ ለኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ «የዙሪያ ዘጋቢ» ተብዬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ተሰጡኝ። ቦታውን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ የውሎ አበል የለውም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ስለሆነ ደግሞ ዜናው ፊት ገጽ አይገባም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። ከጠላት ወረራ በፊት በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ይለቅሙ የነበሩ፣ በኋላ ዘጋቢ የሆኑ ሰው ናቸው። የፊደል መልቀሙ ልማድ ከጣታቸው አልወጣም ነበር፤ ሲያስቡ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ያፋትጋሉ። የደብተራቸውን ገጽ በሁለት መስመር ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ያዩትን፣ በሁለተኛው የሰሙትን፣ በሦስተኛው ያልገባቸውን ይጽፋሉ። ሦስተኛው ባዶ ሆኖ ከተመለስኩ ደብተሬን ሳያነቡ ይመልሱልኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው የታተመውን ጋዜጣ ለባለጉዳዩ ወስዶ ማንበብ ነው። ዜናው በወጣ በሳምንቱ በአውቶቡስ ሄደው፣ ሰውየውን ፈልገው፣ ከጎኑ ተቀምጠው ከአርዕስቱ ጀምሮ ያነቡለታል። ለዚህ የሚከፍላቸው አልነበረም። የአውቶቡሱን እንኳ ከኪሳቸው ነው የሚያወጡት። እኔም መጀመሪያ የሽማግሌ አመል መስሎኝ ነበር።

ሱሉልታ ላይ ነው የገባኝ። አንድ ገበሬ የከመረው ድርቆሽ ተቃጠለ፤ ጎረቤቱ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ እኔም ድርቆሹ መቃጠሉንና ጎረቤቱ መታሰሩን ጻፍኩ። ሁለቱም እውነት ነበሩ። በሳምንቱ ጋሽ ተሰማ ጋዜጣውን ይዘው እኔን አስከትለው ሄዱና ክምሩ በነበረበት ሜዳ ለተሰበሰቡት ሰዎች አነበቡ። ሲጨርሱ አንዲት አሮጊት፣ የተቃጠለበት ሰው አክስት ናቸው፣ «መቼ እንደተከመረስ ለምን አይልም?» ብለው ጠየቁ። ያለጊዜው ዝናብ በጣለ በማግስቱ ነው የተከመረው። እርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ከሆዱ ይግላል፣ ሰንብቶም በገዛ ራሱ ይነዳል። ሱሉልታ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቁትን ስላልጠየቅናቸው ግን አልነገሩንም። ጎረቤትየው በሦስተኛው ቀን ተፈታ። ጋሽ ተሰማ በመልሱ መንገድ ላይ ስለ ቡራዩ የድንጋይ ካባ ሲያወሩኝ አዲስ አበባ ገባን።

ይህን የማነሣው ትምህርቱን አልሰማሁም ማለት እንዳልችል ነው።

ኦቦ ቱሉ ቁልፍ ባስረከቡበት ኅዳር ጋሽ ተሰማ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረዋል፤ ዙሪያው የእኔ ብቻ ሆኗል። ሰበታ የሄድኩት ጎርፍ ስለወሰደው ትንሽ ድልድይ ለመጠየቅ ነበር። በወፍጮ ቤቱ ሳልፍ ሰው ቆሞ አየሁና ጠጋ አልኩ።

ኦቦ ቱሉ ረጅም፣ ቅንድባቸው በዱቄት የነጣ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ነበሩ። ቤቱን የሠሩት ከባንክ በተበደሩት ነው። የወፍጮው ሞተር ከተሰበረ ወዲህ ክፍያው ቆሟል። ያየሁትን ሁሉ ጽፌአለሁ፦ ቤቱ ተጠርጓል፤ ግድግዳው አዲስ በኖራ ተቀብቷል፤ በአጥሩ ሥር አፈሩ ገና ያልደረቀ፣ በተርታ የተተከለ የጌሾ ችግኝ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በኦሮምኛም በአማርኛም የምስክሮቹን ስም ጠሩ። የባንኩ ወኪል፣ አቶ ገረመው የሚባል ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ወረቀት ጠየቁት፤ ጽፎ ፈረመላቸው፤ እነሱም አሻራቸውን አደረጉ።

ኦቦ ቱሉን ያስገደዳቸው ሰው እንዳለ ጠየቅኩ።

«ማን ነው እኔን የሚያስገድድ?» አሉኝ። «በፈቃዴ ነው። እንደ ደንቡ።»

አቶ ገረመውን ወረቀቱ የምን እንደሆነ ጠየቅኩት። የርክክብ ወረቀት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ስለፈለጉ የተጻፈ ነው አለኝ። ከዚያ ወደ ፖስታ ቤቱ ሄጄ ደወልኩ። ዋና አዘጋጃችን የዜናን ርዝመት በአውራ ጣታቸው የሚለኩ ሰው ነበሩ። የዚያን ጊዜ የባንክ ዕዳ ጉዳይ በየቢሮው ይወራል፤ ባለዕዳዎች በግፍ ከቤታቸው ተባረሩ የሚል ሐሜት ሞልቷል።

«በፈቃዱ ነው ያልከኝ?» አሉ።

«በፈቃዱ ነው።»

«በል አርዕስቱ እሱ ነው። ስለ ድልድዩ ሌላ ቀን ትጽፋለህ።»

የዚያን ቀን ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ገጹ አሁን ፊቴ አለ፤ መስመሩን አስምሬዋለሁ፣ ከሥሩ ግን ምንም የለም። በሳምንቱም ሰበታ አልተመለስኩም። ሥራ በዛብኝ ብዬ ነበር፤ ደብተሬን ሳየው ግን በዚያ ሳምንት የጻፍኩት ሁለት ዜና ብቻ ነው።

በጥር ወር ምክር ቤቱን እንድዘግብ ተመደብኩ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ባለዕዳዎች የመጡ አቤቱታዎች እንደራሴዎቹ ዘንድ ተከማችተው ስለነበር መርማሪ ኮሚቴ ተሰይሞ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ጠራ። ጋዜጠኞች አዳራሹ ጥግ አንድ አግዳሚ ተሰጠን። እዚያ ላይ ሆኖ መጻፍ ዘዴ አለው፤ ተናጋሪውን እያዩ፣ ወረቀቱን ሳያዩ፣ መስመር ሳያደራርቡ። እኔ የግራ አውራ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያደረግኩ ወደ ታች አወርደዋለሁ።

የዙሪያው እንደራሴ ፊታውራሪ አበራ ነበሩ፤ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ» አሉ፣ «ሞተር ለተሰበረበት ሰው ጊዜ መስጠት ምን ያስቸግራችኋል? ዝናብ ለቀረበት ገበሬ እግዜር እንኳ የሚቀጥለውን ክረምት ይሰጠዋል።»

«እግዜር ሒሳብ መርማሪ የለበትማ፣ ፊታውራሪ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ፊታውራሪም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሥራ አስኪያጁ ባንኩ ማንንም በግድ አላስወጣም፣ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ራሳቸው እየለቀቁ ነው አለ። ይህን ብሎ ከቦርሳው የታጠፈ ጋዜጣ አወጣ። ቀድሜ ያወቅኩት አርዕስቱን ሳይሆን የወረቀቱን መታጠፊያ ነው፤ ዜናዬ ከሁለተኛው ገጽ ታችኛው ጥግ ላይ ነበር የወጣው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። «ፖሊስ አልነበረም፤ ግርግር አልነበረም» የሚለውን ሁለት ጊዜ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ከክምሩ ውስጥ የኦቦ ቱሉን አቤቱታ ፈልጎ አወጣ። እዚያ ላይ «በግፍና በጉልበት ከነቤተሰቤ ከቤቴ አስወጥተው ሜዳ ጣሉኝ» ይላል። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን በአንድ እጃቸው፣ ጋዜጣውን በሌላው ይዘው አስተያዩ። ከዚያም ጋዜጠኛው በዓይኑ ካየው በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል አሉ። አቤቱታዎቹ በሁለት ተከፈሉ። በግዳጅ የወጡት ቤታቸው በሐራጅ እንዳይሸጥ ኮሚቴው ለባንኩ ይጽፍላቸዋል፤ በፈቃዳቸው የለቀቁት አይጻፍላቸውም። ጸሐፊው የኦቦ ቱሉን ከቀኝ ወደ ግራ አሻገረው። ከሱ ተከትሎ የቡራዩዋ የወይዘሮ ዘነበችም አቤቱታ ወደ ግራ ተሻገረ፤ ቃሉ ከኦቦ ቱሉ አቤቱታ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ይኸም አይታመንም ተባለ። ስለ ወይዘሮ ዘነበች እኔ ምንም ጽፌ አላውቅም።

ግራ ገባኝ። የዋሸው ማን ነው? እኔ አልዋሸሁም። ኦቦ ቱሉ በዓይኔ እያየሁ በሰላም ያስረከቡትን ቤት በጉልበት ተነጠቅኩ ብለው ለምን አመለከቱ?

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። ጉንፋን ይዟቸው ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ነገሩን ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኳቸው። አቋርጠው አልጠየቁኝም፤ ስጨርስ ብቻ፦

«አነበብክለት?» አሉ።

«አላነበብኩላቸውም።»

ጣታቸውን አፋተጉ። ከዚያ ሻይ እንድጠጣ ጠየቁኝ።

በማግስቱ ጋዜጣውን ይዤ ኦቦ ቱሉን ፍለጋ ወጣሁ። ሰበታ የሉም፤ ቤቱ ተቆልፏል፣ በሩ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጎረቤቶቻቸው በጅማ መንገድ ወረድ ብሎ ባለችው ተፍኪ አንድ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ስደርስ ኦቦ ቱሉ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰው ማረሻ ይጠግናሉ። «አካም ቡልተን?» ብዬ በኦሮምኛ ደኅና አደሩ አልኳቸው። «ነጋ»፣ ደኅና ነው፣ ብለው በርጩማውን ለቀቁልኝ፤ እምቢ ብዬ መሬት ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ከውስጥ ብቅ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ከአርዕስቱ ጀምሬ አነበብኩ።

«ልክ ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ ስጨርስ። «አንድም ያጠፋኸው የለም። ግን ቤቱን ለምን እንደሚሸጡት ጋዜጣህ አይልም።»

«ዕዳው ስላልተከፈለ ነዋ፣ ኦቦ።»

«ለዕዳው እኮ ነው ቤቱን የሰጠኋቸው! ይኑሩበት፣ ያከራዩት። ወለዱ በዚያ ይቁም። ዋናውን ባመጣሁ ቀን ቤቴን ይመልሱልኛል። አባቴ ተጂ የነበራቸውን መሬት እንዲህ አድርገው ነው ያስለቀቁት፣ እኔ ሳልወለድ ያስያዙትን እኔ ጎረምሳ ሆኜ።»

ወለድ አግድ ነው የሚሉት። እኔ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባለዕዳ ንብረቱን ለአበዳሪው ይለቃል፤ አበዳሪው በወለዱ ፋንታ ይጠቀምበታል፤ ባለዕዳው ወይም ልጁ ዋናውን ባመጣ ጊዜ ንብረቱ ይመለሳል። ዓመት አይገድበውም። ግን የማውቀው በእርሻ መሬት ነው፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል። ቆርቆሮ ቤትን ለባንክ በወለድ አግድ የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ሽማግሌዎቹ፣ ምስክሩ፣ ወረቀቱ፣ ኖራው፣ ሁሉም በዚያ ደንብ ነበር። ባንኩ ግን ቤቱን የያዘው በመዝገብ መያዣ ነው። ካልተከፈለው ይሸጣል እንጂ ገብቶ አይኖርበትም።

«አቤቱታው ላይ ታዲያ በጉልበት አስወጡኝ ያሉት ለምንድን ነው?» አልኩ።

«እኔ አላልኩም። ማስታወቂያው ተለጠፈ ሲሉኝ አዲስ አበባ ሄጄ ለአቤቱታ ጸሐፊው ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እሱ ነው "እንዲህ ካልተባለ አይሰሙዎትም፣ ለሁሉም የምጽፈው ይህንኑ ነው" ያለኝ።»

ወይዘሮ ጫልቱ ከበሩ ወደ እኛ ቀረቡ።

«አንተ ያን ቀን ነበርክ አይደል?» አሉኝ። «ጌሾው ተተክሎ አይተሃል። ለሌላ ሰው ቤት ጌሾ የሚተክል አለ? ጋዜጠኛ ነኝ እያልክ ይህን መጠየቅ አቃተህ?»

ደብተሬን አውጥቼ፣ ዘግይቼ፣ ያሉትን ጻፍኩ።

በማግስቱ ዋና አዘጋጁ ዘንድ ገብቼ እርማት እንዲወጣ ለመንኩ። ጋዜጣውን ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ቤቱን አላስረከበም?»

«አስረክበዋል።»

«በፈቃዱ አይደለም?»

«በፈቃዳቸው ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የማርመው? እርማት ለስሕተት ነው። እውነት ሲታረም እኔ አይቼ አላውቅም።»

አዲስ ዜና ልጻፍ አልኩ፤ ፈቀዱልኝ። ስለ ወለድ አግድ፣ ስለ መያዣ፣ ስለ አቤቱታ ጸሐፊው በአጭሩ ጻፍኩ። ጽሑፉ ወደ ሳንሱር ሄዶ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። በራስጌው ላይ አንድ ቃል ተጽፎበታል፦ «ያደናግራል።» በብዙ ነገር ከሳንሱር ጋር አልስማማም ነበር፤ በዚህ ግን የምከራከረው አላገኘሁም።

የቀረኝ ኮሚቴው ነው። ለሊቀ መንበሩ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፤ በትዕግሥት አነበቡት። ከዚያ ሰውየው በአቤቱታው በግድ ወጣሁ ይላል፣ በጋዜጣህ በፈቃዱ ወጣ ትላለህ፣ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ ለቅቆ አልወጣም እያልከኝ ነው አሉ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉት።

«ልጄ፣ እኔ ልረዳው እፈልጋለሁ። ሰውየው አሁን ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ተፍኪ ነው ያሉት፣ ክቡርነትዎ» አልኩ።

ከዚህ የተሻለ መልስ በኋላም አልመጣልኝም። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቷል፤ የገባበትን ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ። የኮሚቴው ዘገባ በዚያ ዓመት ለጉባኤው አልቀረበም፤ የምክር ቤቱም ዘመን አለቀ።

የወይዘሮ ዘነበች ቤት በመጋቢት በሐራጅ ተሸጠ። እሳቸው ለባንኩ አላስረከቡም፤ ፖሊስ መጥቶ ነው ያስወጣቸው። ይህን ከሦስት ጎረቤቶቻቸው አረጋግጫለሁ። አቤቱታቸው እውነት ነበር፤ ያው አቤቱታ ጸሐፊ፣ ያው ቃል፣ የሳቸው ግን እውነት። ሰንዳፋ ዘመድ ዘንድ ሄዱ ተባልኩ። ሁለት ጊዜ ሄጄ አጠያየቅኩ፣ አላገኘኋቸውም። የጋሽ ተሰማን ልማድ ትቼ በሳምንቱ ከሰበታ ባልቀር ኖሮ ነገሩን ቀድሜ አርሜ ሥራ አስኪያጁ የሚያነበው ጋዜጣ አይኖረውም ነበር ወይ? ምናልባት ሌላ ያገኝ ነበር። አላውቅም።

የኦቦ ቱሉ ቤት ሐራጅ በሚያዝያ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሰበታ ሰው ከመንገዱ እስከ አጥሩ ሞላ። የወፍጮ ደንበኞቹ፣ የሱቅ ነጋዴዎቹ፣ ከተጂ ለገበያ የመጡት ሁሉ ቆመዋል። ከነጋዴዎቹ መካከል ቤቱን መግዛት የማያቅታቸው ነበሩ። የሐራጁ ሹም መነሻ ዋጋውን ጠራ። እጁን ያነሣ የለም። ደግሞ ጠራ።

«ጣራው ላይ ያለችውን ድመት ብቻ ብትሸጡልኝ» አለ አንድ ባለሱቅ።

«እሷም የኦቦ ቱሉ ናት» አለው ሌላው።

ሰው ሳቀ፤ ሹሙም እየሳቀ ሦስተኛውን ጠራ። ማንም አልመለሰለትም። የባንኩ ሰዎች ሕዝቡ አድሟል ብለው ለፖሊስ አመለከቱ። ፖሊሱ መጥቶ ቢጠይቅ ያደመ ሰው አላገኘም። ያነጋገርኩት ሁሉ የመለሰልኝ አንድ ነው፦ በወለድ አግድ የተያዘ ቤት አይሸጥም፤ የማይሸጥ ነገር እንዴት ይገዛል? ሁለተኛው ሐራጅም እንዲሁ አለቀ። ባንኩ ቤቱን ለራሱ አስቀረና ለአንድ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ አከራየው።

ይህን ለኦቦ ቱሉ ልነግር ተፍኪ ስሄድ ቀድመው ሰምተዋል። ደስ ብሏቸው ነበር።

«አላልኩህም?» አሉኝ። «አሁን ገባቸው።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ አቶ ገረመውን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። ከባንኩ ለቅቆ ነበር። የቡልጋ ልጅ ነው፣ ወለድ አግድን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። በዚያ ቀን አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ እንደፈረመ ጠየቅኩት። አውቶቡሱ እስኪመጣ አሰበ።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው "ምስክር" ሲሉ እኔም እንዳደግኩበት "ምስክር" አልኩ» አለኝ። «ቢሮ ስመለስ ደግሞ እንደተቀጠርኩበት "ባለዕዳው ለቋል" ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱንም ያደረግኩት በአንድ ቀን ነው። የትኛው እንደሆነ እኔንም አትጠይቀኝ።»

ይህ መልስ ነው ወይስ ማምለጫ? ደብተሬ ላይ በሰማሁት ሥር አስፍሬዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ባንኩ ያልተሸጡ ቤቶችን በዋናው ዕዳ ልክ ያለ ሐራጅ እንዲሸጡ ወሰነ። በዚያው ሳምንት ኦቦ ቱሉ፣ ይህን ውሳኔ ሳይሰሙ፣ ወፍጮውን ሸጠውና ከዘመድ አሰባስበው ዋናውን ይዘው መጡ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሳምንት እንዴት እንደተገናኙ አጣርቼ ነበር፤ ያገናኛቸው ሰው አላገኘሁም። ኦቦ ቱሉ ሦስቱን ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ባንኩ ሲሄዱ እኔንም ላኩብኝ። ጸሐፊዋ አዲስ ልጅ ነበረች። ቤቱን በመዝገብ ፈልጋ፣ ገንዘቡን ተቀብላ፣ የሽያጭ ውሉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በኦሮምኛ ደገሙት። ኦቦ ቱሉ አሻራቸውን አደረጉ።

ውጭ ስንወጣ ግዴታዬ መሰለኝና ነገርኳቸው።

«ኦቦ፣ ወረቀቱ ሽያጭ ነው የሚለው። ቤቱን ገዙት እንጂ አላስለቀቁትም።»

ኦቦ ቱሉ ቆሙ። ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹም እሳቸውን።

«የገዛ ቤቱን የሚገዛ ሰው የት አይተሃል፣ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉም እየተሳሳቁ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

ሰኔ 3 ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ኦቦ ቱሉ ገመቹ፣ ወይዘሮ ጫልቱና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ተከራዩ በለቀቀው የሰበታ ቤት ገቡ። በማግስቱ የባንኩን መዝገብ አየሁ። በቤቱ ገጽ ላይ፣ የቀድሞ ባለዕዳ በሚለው ሥር «ለቅቆ የሄደ፣ አድራሻው የማይታወቅ» ይላል። ገዢ በሚለው ሥር «ቱሉ ገመቹ፣ ነዋሪነቱ ሰበታ» ይላል።